አደባባዩ ላይ ያለውን ሐውልት መኪና እየገጨ ካስቸገራችሁ

አዳማ ውስጥ የመንገድ ዳር ሐውልትና የግድግዳ ሥዕል እጠግናለሁ። ሰው የሚጠራኝ «ቀለሙን መልስልን» ብሎ ነው። እኔ ግን ቀለም ከመክፈቴ በፊት ሜትር አውጥቼ ቁጭ እላለሁ። ጭረቱ ከመሬት ስንት ከፍታ ላይ ነው? በየትኛው ጎን? ይህን ሳታውቁ ብትቀቡ ብዙም ሳትቆዩ እዚያው ትመለሳላችሁ።

ሐውልቱ የቆመበት መደብ ማዕዘኑ ተሸርፏል፣ ጠርዝ ድንጋዩም በጎማ ጠቁሯል

ተሳቢ ነው። ከተማችን የጅቡቲ መስመር ላይ ስላለች ይሄን በደንብ እናውቀዋለን። ሹፌሩ ፊቱን አስተካክሎ ያዞራል፣ የተሳቢው የኋላ ጎማ ግን የፊቱን ዱካ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፤ ተሳቢው በረዘመና ኩርባው በጠበበ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ሹፌሩን መሳደብ ዋጋ የለውም። ብዙ ጊዜ መንካቱንም አያውቅም።

ማታ ላይ ከጠርዝ ድንጋዩ ጀርባ ቀጭን አሸዋ በትኑ። አስፋልቱ ላይ አታድርጉት፣ ሞተረኛ ይንሸራተትበታል። ጠዋት ስትሄዱ ጎማው የገባበት ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። አንድ ቦታ የፈረስ ሐውልት እግር ሦስቴ ሠርተውት ነበር፤ አሸዋውን ሳየው ዱካው ከጠርዙ ሁለት ክንድ ገብቶ መደቡ ሥር ደርሷል። መፍትሄው መደቡን ከዱካው ማራቅ እንጂ እግሩን ለአራተኛ ጊዜ መሥራት አልነበረም። 15 ሳንቲ ሜትር ጠርዝ ድንጋይ ለከባድ መኪና ምንም አይደለም፣ ወጥቶበት ያልፋል።

ማራቅ ካልተቻለ ኮንክሪት የተሞላ የብረት ቱቦ ትከሉ፣ ግን መኪና ቀስ ብሎ በሚሄድበት ቦታ ብቻ። ፍጥነት ከ30 ወደ 60 ሲወጣ የግጭቱ ጉልበት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ፈጣን መንገድ ላይ የተተከለ ቱቦ ሐውልቱን አድኖ ሰው ይገድላል። እባካችሁ ይሄን አትዘንጉ።

ጉልበት ከፍታ ላይ ጭረት

ባጃጅ፣ ወይም ወደ ኋላ የሚወጣ የቤት መኪና ነው። ጎማ የሚያቆም ዝቅ ያለ ኮንክሪት ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል አርቃችሁ አድርጉ፣ ይበቃል።

ፊት ለፊት የተመታ፣ ሁሌም ሌሊት

አልታየም ማለት ነው። መብራቱን አስጠግኑ፤ አንጸባራቂውን ግን ሐውልቱ ወይም ሥዕሉ ላይ አትለጥፉት፣ ጠርዝ ድንጋዩ ላይ ይሁን።

ከተጠገነ በኋላ እዚያው ተሰነጠቀ

በመዶሻ እጀታ ቀስ ብላችሁ አንኳኩት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ለቋል። ግጭቱ የውስጡን ብረት፣ ፌሮውን፣ አጋልጦት፣ ዝናብ ገብቶ፣ ዝገቱ አብጦ ሲሚንቶውን እየገፋው ነው። የለቀቀውን ሁሉ አንሱ፣ ፌሮውን በሽቦ ብሩሽ እስኪነጣ ፈትጉ፣ ጸረ ዝገት ቀቡ፣ ከዚያ ለስኑ። ልስኑን ውኃ እያጠጣችሁ ቆዩ። ሲሚንቶ ጥንካሬውን የሚይዘው በ28 ቀን አካባቢ ነው፣ እርጥቡ ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል። ለበዓል ይድረስ ብላችሁ ሠሪውን አታጣድፉት።

ግጭቱ ዛሬ ከሆነ ምንም ሳታነሱ ፎቶ አንሱ፣ ታርጋውን ያዙ፣ ትራፊክ ፖሊስ ጥሩ። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ስለሆነ የንብረት ጉዳት ይጠየቅበታል፣ ያለ ትራፊክ ሪፖርት ግን አይሆንም። ስብርባሪውን ጠርጎ ለሚወስድ ሰው አትስጡ። ትንሿን ሞዛይክ ሳትቀር ማዳበሪያ ውስጥ ሰብስባችሁ አቆዩልኝ።