ፍሪዝ ድራይድ ፍራፍሬ፦ ለመክሰስ የቱ፣ ለኬክ የቱ?

የደረቀ ፍራፍሬ ሁሉ አንድ አይደለም። ዘቢብ በሙቀት ስለሚደርቅ ትንሽ እርጥበት ይቀረዋል፣ ሲታኘክም ይለጠጣል። ፍሪዝ ድራይድ ግን መጀመሪያ በረዶ እስኪሆን ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ አየሩ በተመጠጠ ማሽን ውስጥ ይገባና በረዶው ቀልጦ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ተን ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ነው ቅርጹና ቀለሙ እንዳለ ሆኖ እንደ ቆሎ የሚቆረጠመው።

ስትገዙ መጀመሪያ ፓኬቱን ገልብጡና ምን ምን እንደገባበት አንብቡ። የፍራፍሬው ስም ብቻ ከሆነ ውሰዱት። ስኳር የተጨመረበትን እኔ አልገዛም፣ ፍሬው ራሱ በቂ ጣፋጭ ነው። ሙዝ ቺፕስ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በኮኮናት ዘይት የተጠበሰ ነው፣ ከፍሪዝ ድራይድ ሙዝ ጋር አይገናኝም። ጾም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ እርጎ የተቀባው ወተት ስላለበት ይቅርባችሁ።

ቀጥሎ ክብደቱን እዩ። ፓኬቱ ትልቅ መስሎ ውስጡ አየር ሊሆን ይችላል። ትኩስ እንጆሪ 90 በመቶ ገደማ ውሃ ነው፣ ስለዚህ 30 ግራም ደረቅ እንጆሪ ለማግኘት ወደ 300 ግራም ትኩስ ያስፈልጋል። ሙዝ ግን ውሃው 75 በመቶ ገደማ ስለሆነ ለዚያው 30 ግራም 120 ግራም አካባቢ ይበቃል። ዋጋ ስታወዳድሩ በፓኬት ሳይሆን በግራም አስሉ። ውሃው ይውጣ እንጂ ስኳሩ የትም አልሄደም፤ ልጆች ወሬ እያወሩ አንድ ፓኬት ማንጎ ሲጨርሱ የአንድ ሙሉ ማንጎ ስኳር ነው የገባው።

ለመክሰስ እኔ አፕልና ማንጎ እመርጣለሁ። አፕል ቀለል ያለ ነው፣ ማንጎ ደግሞ ሽታው ብቻውን ይበቃል። አናናስ ይጣፍጣል፣ ግን ጥርስ ላይ ይጣበቃል።

ለኬክና ለክሬም ከሆነ ግን እንጆሪና ራስፕቤሪን የሚያህል የለም። ትኩስ እንጆሪ ፈጭታችሁ ቅቤ ክሬም ውስጥ ብትጨምሩ ውሃው ክሬሙን ያቀጥነዋል ወይም ይለያየዋል፣ ደረቁ ግን ውሃ ሳይጨምር ጣዕሙንና ሮዝ ቀለሙን ብቻ ይሰጣል። በደንብ በደረቀ ብሌንደር ወይም በሙቀጫ አድቅቁት፣ ከዚያ በወንፊት ንፉት፣ በተለይ የራስፕቤሪ ጥቃቅን ዘሮች አፍ ውስጥ ይሻክራሉ። የምትጠቀሙበት ሰዓት ላይ ብቻ ፍጩት፣ ካደረ እርጥበት ስቦ ይጓጉላል። ሊጡ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ ከበዛ ደግሞ ያ ሁሉ ቀይ ወደ ግራጫ ሊለወጥ ይችላል፣ ስለዚህ ቀለሙን ከፈለጋችሁ ዱቄቱን ለክሬሙ አስቀሩት። የሙዝና የማንጎ ዱቄት ቶሎ ስለሚጣበቅ ለዚህ ሥራ አልመክርም።

ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ አየር በማያስገባ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አድርጉት፣ ውስጡ ያለችውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢትም አብራችሁ ክተቱ። ከረጢቷ እንደማትበላ ለልጆች ንገሯቸው። ፍሬው ልስልስ ካለባችሁ አትጣሉት፣ ጠዋት ትኩስ አጃ ላይ በትኑት።