ክለቦች ተጫዋች እንዴት ይመርጣሉ? እንዴትስ ያሳድጋሉ?

«ጥሩ አጥቂ እንፈልጋለን» ብሎ ገበያ የሚወጣ ክለብ ምን እንደጎደለው ገና አላወቀም። በተለይ ወጣት ሲመለመል የሚገዛው ልጁ ዛሬ የሚያሳየው ሳይሆን ከ5 ዓመት በኋላ የሚሆነው ነው። ከታች ያለው በአብዛኛው የእግር ኳስን አሠራር ይከተላል፤ መሠረቱ ግን ለሌላውም ስፖርት ይሠራል።

1. የጎደለውን ቦታ በጽሑፍ አስቀምጡ

አሰልጣኙና የስፖርት ዳይሬክተሩ መጀመሪያ በአጨዋወት ይስማሙ። ኳስ ይዞ መጫወት የሚወድ ቡድን ጫና ውስጥ ሆኖ በትክክል የሚያቀብል የመሐል ተከላካይ ይፈልጋል፤ ወደ ኋላ ተሰብስቦ በመልሶ ማጥቃት የሚጫወት ቡድን ደግሞ የአየር ላይ ኳስ የሚያሸንፈውን ያስቀድማል። የሆላንዱ አያክስ ታዳጊዎቹን ለዓመታት የመዘነው በአራት ነገር ነበር፦ ቴክኒክ፣ ጨዋታ ማንበብ፣ ስብዕናና ፍጥነት። በዚሁ ወረቀት ላይ የማን ውል መቼ እንደሚያልቅ፣ ማን ዕድሜው እየገፋ እንደሆነም ይስፈር።

2. ኳስ እግሩ ሥር በሌለበት ጊዜ ተመልከቱት

በ90 ደቂቃ ውስጥ አንድ ተጫዋች ኳስ የሚነካው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ጎበዝ መልማይ የቀረውን ያያል። አማካዩ ኳሱ ወደ እሱ እየመጣ ሳለ አንገቱን አዙሮ ከኋላው ማን እንዳለ ያጣራል? ኳስ ሲነጠቅ እጁን ወደ ዳኛው ያነሳል ወይስ ወዲያው ይመለሳል? ሲቀየርስ? አንድ ጨዋታ አይበቃም፤ በተጋጣሚው ሜዳ ሲጫወት፣ ቡድኑ እየተመራም መታየት አለበት። ሁለት መልማዮች ከተላኩ ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይጻፉ፤ አለዚያ የአንዱ አስተያየት የሌላውን ይጎትታል። የቪዲዮና የቁጥር ትንተና ሺዎቹን ወደ ጥቂቶች ያወርዳል፤ የመጨረሻውን ውሳኔ ግን ለቁጥር ባትተዉት ይሻላል።

3. የተወለደበትን ወር ጠይቁ

ብዙ ክለብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዕድሜ ምድቡ ከጥር እስከ ታኅሣሥ ከሆነ በጥር የተወለደ ልጅ በታኅሣሥ የተወለደውን በአንድ ዓመት ገደማ ይበልጠዋል፤ በ10 ዓመት ልጆች መካከል ይህ ከዕድሜያቸው አንድ አሥረኛው ነው። ትልቁ ይመረጣል፣ የተሻለ ሥልጠና ያገኛል፣ ከዚያ በእርግጥም የተሻለ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ የአይስ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ የወጣ ጥናት ይህን ካሳየ ወዲህ በሌሎች ስፖርቶችም በተደጋጋሚ ታይቷል።

የጉርምስና ነገር ሲጨመርበት ልዩነቱ ይሰፋል፤ ሁለት የ13 ዓመት ልጆች በአካል የሦስትና የአራት ዓመት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። አንዳንድ አካዳሚዎች አልፎ አልፎ በዕድሜ ሳይሆን በአካል ዕድገት መድበው ያጫውታሉ፤ ፈጥኖ ያደገው በጉልበት ብቻ ማሸነፍ ያቅተዋል፣ ትንሹም እግሩን ማሳየት ይችላል። እንግሊዛዊውን አጥቂ ጄሚ ቫርዲን በ16 ዓመቱ የሸፊልድ ዌንስዴይ ክለብ ያሰናበተው በቁመቱ ማነስ ነበር። በዝቅተኛ ሊጎች ተንከራቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ሌስተር ገባ፤ በ2016 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ አነሳ።

4. የማሳደጊያ ዕቅዱ ለየግሉ ይሁን

«ጠንክር» ዕቅድ አይደለም። «በዚህ ሩብ ዓመት በግራ እግር ማቀበል» ግን ዕቅድ ነው፤ በቪዲዮ ይለካል። ታዳጊዎችን በየጥቂት ወሩ ቁመት ለኩ፤ በፍጥነት በሚረዝሙበት ወቅት ጉልበትና ተረከዝ ስለሚታመም የዝላይና የሩጫ ጫናው መቀነስ አለበት።

ለ18 እና 19 ዓመት ወጣት ከልምምድ ይልቅ የጨዋታ ደቂቃ ይበልጣል። ውሰት፣ ማለትም ተጫዋቹን ለጊዜው ለሌላ ክለብ መስጠት፣ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ ነገር ግን ከመላኩ በፊት ተቀባዩ አሰልጣኝ በዚያ ቦታ ስንት ተጫዋች እንዳለው ጠይቁ። ወንበር ለማሞቅ ከሆነ እቤቱ ቢቀመጥ ይሻላል።

5. ጫናውን መዝግቡ

ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። ልምምዱ ባለቀ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተጫዋቹን «ምን ያህል ከበደህ?» ብላችሁ ከ0 እስከ 10 ቁጥር አስጠሩትና በደቂቃው አባዙት። 90 ደቂቃ የሠራና «7» ያለ ሰው ጫናው 630 ነው። የሳምንቱ ድምር ካለፉት ሳምንታት በድንገት ከዘለለ ቀጣዩን ቀን አቅልሉ። መልሱን ከሌሎቹ ፊት አትጠይቁ፤ ማንም በጓደኞቹ ፊት «ደክሞኛል» አይልም።

6. ውልና ስንብት

በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከ3 ዓመት በላይ በሆነ ውል ሊያዝ አይችልም። እ.ኤ.አ. ከ1995ቱ የቦስማን ፍርድ ወዲህ በአውሮፓ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ ይሄዳል። ስለዚህ የምትፈልጉትን ተጫዋች ውል እስከ መጨረሻው ዓመት አታቆዩት።

የማይቀጥለውን ደግሞ ውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ፊት ለፊት ንገሩት፤ ሌላ ክለብ ለመፈለግ ጊዜ እንዲኖረው። የሕክምና መዝገቡንና የጨዋታ ቪዲዮውን ስጡት። የምዝገባ ሰነዱን ቅጂ ግን አስቀሩ፦ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። በ10 ሚሊዮን ዶላር ዝውውር ይህ 500 ሺህ ዶላር ነው፤ ያሰናበታችሁት ልጅ እናንተ ጋ የተመዘገበባቸው ዓመታትም ይቆጠራሉ።