ሰሜን ሚኒሶታ በሰኔ፦ አበባውንም ወፏንም ፎቶ ለማንሳት

ወደ ሰሜን ሚኒሶታ ለፎቶ መሄድ ካሰባችሁ በሰኔ ሂዱ። በእኛው ሰኔ ማለቴ ነው፤ ከጁን 8 እስከ ጁላይ 7። በሜይ ወፉ ይበዛል፣ የመንገድ ዳሩ አበባ ግን ገና ነው። ጁላይ ከተጋመሰ ወዲያ ደግሞ አበባ አለ፣ ወፎቹ ግን ዝማሬያቸውን ይቀንሳሉ፣ ቅጠሉም ይሸፍናቸዋል። ሁለቱን አንድ ላይ የምታገኙት በሰኔ ነው።

የምኖረው ሴንት ፖል ነው። መንገዴ ብዙም አይለዋወጥም። በ35 አውራ ጎዳና ወደ ዱሉዝ ከተማ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ከዚያ ወይ ሳክስ-ዚም ቦግ ወደሚባለው ረግረግ፣ ወይ በሀይዌይ 61 የሱፒሪየርን ሐይቅ በቀኝ ይዞ ወደ ካናዳ ድንበር። ባለቤቴ ይነዳል። እኔ ዓይኔን ከመንገድ ዳሩ ቦይ አላነሳም።

ከምክሮቼ ሁሉ አንዱን ብቻ ውሰዱ ብባል ይሄን እሰጣችኋለሁ፦ ቀኑን በብርሃኑ ከፋፍሉት። ጠዋትና ማታው ለወፍ ይሁን። ቀኑን ለአበባ ስጡት። ብዙ ሰው አበባን በጠዋት ጮራ ማንሳት ይወዳል፣ ያምራልም። እኔ ግን ጠዋቱን ለአበባ አላባክንም። አበባው እኩለ ቀን ላይም እዚያው ቆሞ ይጠብቀኛል። ወፏ ግን ፀሐይ ከፍ ስትል ዝም ትላለች፣ ጥላ ውስጥ ትገባለች። በጁን አጋማሽ ዱሉዝ ላይ ፀሐይ የምትወጣው በፈረንጅ ሰዓት ከንጋቱ 5፡15 ገደማ ነው። የምትጠልቀው ደግሞ ማታ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቀኑ በጣም ረጅም ስለሆነ ሁለቱንም ጫፍ ለመያዝ የፈለገ ሰው ከሰዓት በኋላ መተኛት አለበት። እኛ እንተኛለን፣ እዚያው መኪና ውስጥ።

ለጠዋቱ ሳክስ-ዚምን እመርጣለሁ። ከዱሉዝ በስተሰሜን ምዕራብ ነው፤ ስፕሩስና ታማራክ የሚባሉ ዛፎች የበቀሉበት ረግረግ፣ በመሃሉ የሣር ማሳና የጠጠር መንገድ ያለበት ሰፊ አገር። እዚህ መደበቂያችሁ መኪናው ራሱ ነው። ወፍ መኪናን ብዙም አትፈራም። በሩ ተከፍቶ የሰው ቁመና ሲታያት ግን ወዲያው ትነሳለች። ስለዚህ ከመኪና አትውረዱ።

አነዳዱም ዘዴ አለው። መስኮቱን ቀድማችሁ ክፈቱ፣ ምክንያቱም ወፏ አጠገብ ደርሳችሁ ብትከፍቱት ድምፁ ያስበረግጋታል። ቀስ ብላችሁ ቅረቡ፣ ፀሐይ ከጀርባችሁ እንድትሆን አድርጋችሁ ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ። ሞተር ሲሠራ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ረጅም ሌንስ ላይ ደግሞ ያ ትንሽ ንዝረት ትልቅ ነው። ማሞቂያውንም አጥፉ። ከመስኮት የሚወጣው ሙቅ አየር ከውጭው ቀዝቃዛ አየር ጋር ሲገናኝ ምስሉን ያርገበግበዋል፤ ሰው ሌንሱን ሲወቅስ ይውላል። ለሌንሱ ማሳረፊያ እኔ ደረቅ ምስር የሞላሁበት የጨርቅ ከረጢት መስኮቱ ላይ አነጥፋለሁ። መኪና ውስጥ ከትራይፖድ በጣም ይሻላል። ብቻ ኩርባ ላይና ዳገት ጫፍ ላይ አትቁሙ። የጠጠር መንገድ ቢሆንም እንጨት የጫነ ከባድ መኪና ሊመጣ ይችላል።

ሣር ማሳው ላይ ቦቦሊንክን ፈልጉ። ወንዱ ከሥሩ ጥቁር፣ ከጀርባው ነጭ፣ ማጅራቱ እንደ ቅቤ ቢጫ ያለ ወፍ ነው። የብርዱን ወራት ደቡብ አሜሪካ አሳልፎ ነው እዚህ የሚደርሰው። የአጥር እንጨት ላይ ይቀመጣል፣ እየበረረም ይዘምራል። አንዴ ከተነሳ አትከተሉት። የሚወዳት እንጨት ስላለችው ይመለሳል፤ ፎከሳችሁን እንጨቷ ላይ አድርጋችሁ ጠብቁት። ለተቀመጠ ወፍ ሹተር ስፒዴን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) ከ1/500 ሴኮንድ አላዘገየውም፣ ለሚበር 1/2000 እጠቀማለሁ። አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ አውቶ ላይ ተዉት። በኮምፒውተር ኖይዝን (ምስሉ ላይ የሚታየውን ሻካራ ነጠብጣብ) መቀነስ ይቻላል፣ የተንቀጠቀጠን ምስል ግን ማቅናት አይቻልም። ፎከሱ ዓይኗ ላይ ይሁን። ሌንሱ 400 ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። የወፍ ድምፅ ከስልካችሁ ከፍታችሁ አትጥሩ። ሰኔ የጎጆ ወቅት ነው። ወንዱ ሌላ ወንድ ግዛቱ የገባ መስሎት ጎጆውን ጥሎ ይመጣል፣ ለጫጩቶቹ ምግብ መሰብሰብ ያለበትን ጊዜ በባዶ ያባክናል። ለአንድ ፎቶ ይሄ አይገባም። ትልቁ ግራጫ ጉጉትም እዚህ ይኖራል። ምሽት ላይ መንገድ ዳር እንጨት ላይ ተቀምጦ ሲያድን ካያችሁት ርቃችሁ ቁሙ፣ ከመኪና አትውረዱ፣ ፍላሽ አትጠቀሙ። ያደነውን ይዞ ወደ ጫካ ከገባ ተዉት፤ ጎጆው ጋ ሊሆን ይችላል።

ሉን የምትባለውን የውኃ ወፍ ለማንሳት ሐይቅ ዳር ማደር ነው የሚሻለው። የሚኒሶታ የግዛት ወፍ ናት፤ ዓይኗ በሰመር ደማቅ ቀይ ነው፣ የማታ ጩኸቷም አንዴ ከተሰማ አይረሳም። እግሮቿ ወደ ኋላ ተጠግተው ስለተሠሩ የብስ ላይ መራመድ ይከብዳታል። ጎጆዋን ውኃው ጠርዝ ላይ የምትሠራው ለዚህ ነው። በሰኔ ጫጩቶቹ ተፈልፍለው እናትና አባታቸው ጀርባ ላይ ተጭነው ሲዞሩ ታያላችሁ። እንደ ልጅ የታዘለ ወፍ ማየት እኔን ሁሌ ልቤን ይነካዋል፤ ለዚያ ፎቶ ብዬ ነው ሐይቅ ዳር የማድረው።

ግን ርቀት ጠብቁ። ጎጆ ላይ ያለች ሉን አንገቷን ዘርግታ ውኃው ላይ ለጥ ካለች ፈርታለች ማለት ነው። ውኃው ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ክንፏን እያራገበች ከጮኸች ተቆጥታለች። ሁለቱም «ሂዱልኝ» ነው፤ ቀዘፋውን ወደ ኋላ አድርጉ። እኔ ከጀልባ ይልቅ ከዳር ማንሳት እመርጣለሁ። የጀልባ ማሰሪያው እንጨት ላይ በሆዴ ተኝቼ ካሜራውን ውኃው ደረጃ ላይ አወርደዋለሁ። ከላይ ወደ ታች የተነሳ ሉን ዝም ብሎ ውኃ ላይ ያለ ጥቁር ነገር ይመስላል። ዝቅ ሲባል ነው ፊቷ የሚታየው። ጥቁርና ነጭ ስለሆነች ካሜራው ይወናበዳል፣ ነጩን ያቃጥለዋል። ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን መጠን) በካሜራው መለኪያ የአንድ ስቶፕ ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም -0.7 ያህል ቀንሱ። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል የዓይኗ ቅላት ይወጣል።

አሁን ወደ አበባው። በሀይዌይ 61 ዳር መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚገባው ሉፒን ነው፤ ሐምራዊ፣ ሮዝ፣ ነጭ፣ ሙሉ ዳገት ሸፍኖ። የእኛ ግብጦ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉን ያየ ወዲያው ያውቀዋል። የሚኒሶታ ተወላጅ ግን አይደለም። ከምዕራብ አሜሪካ መጥቶ የተስፋፋ ነው፣ የአገሩን አበባ ቦታ እየተሻማ። አነሳዋለሁ፣ ዘሩን ግን አልወስድም፣ አልበትንም። ቆንጆ ሆኖ የሚወጣው ከሩቅ በረጅም ሌንስ ሲነሳ ነው፤ ረድፉ ተደራርቦ ቀለሙ ይወፍራል።

የእኔ ልብ ያለው ግን ሾዊ ሌዲስ ስሊፐር ጋ ነው። ነጭ ቅጠል ከላይ፣ ሮዝ ኪስ ከታች ያለው ኦርኪድ። ከ1902 ጀምሮ የግዛቱ አበባ ነው። ከ1925 ጀምሮ ደግሞ መቅጠፍም ሆነ መንቀል በሕግ ክልክል ነው። ከዘር ተነስቶ መጀመሪያ እስኪያብብ እስከ 16 ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። ስለዚህ ከመንበርከካችሁ በፊት መሬቱን እዩ። ከትልቁ አጠገብ ገና ያላበቡ ትናንሾች አሉ፤ እነሱን ረግጦ ትልቁን ማንሳት ያሳዝናል። ቅጠሉንና ግንዱን አትንኩ፣ ጸጉሩ አንዳንድ ሰው ላይ ሽፍታ ያወጣል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው እርጥብ ቦይ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ቦቲ ጫማና የምትንበረከኩበት ፕላስቲክ ያዙ።

ጥርት ያለ ፀሐይ ለዚህ አበባ ጠላት ነው። ነጩ ቅጠል ይነጣል፣ ኪሱ ውስጥ ጥቁር ጥላ ይፈጠራል። ደመና ከሌለ ነጭ ጃንጥላ ዘርጉበት። እኔ ሁሌ አንድ መኪናው ውስጥ አለኝ፤ ብርሃኑን ያለሰልሳል፣ ነፋሱንም በመጠኑ ይከላከላል። ካሜራውን ከአበባው እኩል አውርዱት። ከዚያ ከአበባው ይልቅ ከኋላው ያለውን እዩ። አንድ ነጭ ሣር ወይም የሩቅ አስፋልት ፎቶውን ሊያበላሸው ይችላል፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ማለት ይበቃል። አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ኤፍ 8 ላይ አድርጌ እጀምራለሁ፣ ፎከሱን ኪሱ አፍ ላይ። ነፋስ ካለ ነፋሱ ትንፋሽ እስኪወስድ ጠብቁና በተከታታይ አንሱ። ከዝናብ በኋላ ቅጠሉ የሚያንጸባርቅ ከሆነ ፖላራይዘር ፊልተር ያንን ነጸብራቅ አጥፍቶ አረንጓዴውን ይመልሳል።

ጫካ ውስጥ ደግሞ መሬቱን የሚሸፍን በንችቤሪ የሚባል አጭር ተክል አለ። አራት ነጭ አበባ ቅጠል ያለው ይመስላል፣ እውነተኞቹ አበቦች ግን መሃሉ ላይ ያሉት ጥቃቅኖቹ ናቸው። ሲፈነዱ የአበባ ዱቄታቸውን ከግማሽ ሚሊሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ወደ ላይ ያስፈነጥራሉ። ያንን በተራ ካሜራ ማንሳት አይቻልም፣ ግን እያወቁ ማየቱ ደስ ይላል።

ስልክ ብቻ ያላችሁ ለአበባ ምንም አይጎድላችሁም። በጣም አትጠጉ። አንድ ክንድ ያህል ራቁና በ2 ወይም በ3 ዙም አንሱ፤ ጣታችሁን አበባው ላይ አቆይታችሁ ፎከሱን ቆልፉ፣ ብርሃኑን ትንሽ አውርዱ። ወፍ በስልክ ግን ከአካባቢዋ ጋር ይሻላል። ትንሽ ሉን፣ ብዙ ሐይቅና ጭጋግ። ሱፒሪየር በሰኔም በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ ዳርቻው ላይ ጭጋግ ይበዛል፤ ጃኬት አትርሱ።

ትንኝና ጥቁር ዝንብ አለ፣ መዥገርም አለ። ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ማታ ገላችሁን ፈትሹ። ዲት የሚባለው ኬሚካል ያለበት የትንኝ መከላከያ ፕላስቲክና ጎማ ይበላል። ስለዚህ ካሜራ ከመንካታችሁ በፊት መዳፋችሁን ታጠቡ። ካርታውን ስልካችሁ ላይ ቀድማችሁ አውርዱ፣ ኔትወርክ የማይኖርበት ቦታ ብዙ ነው። ለስቴት ፓርኮቹ የመኪና ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የቀንም የዓመትም አለ። በዓመት ውስጥ ብዙ ቀን የምትገቡ ከሆነ የዓመቱ ያዋጣል።

ቤት ስትመለሱ፣ የኦርኪድ ወይም የጉጉት ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት የቦታውን መረጃ ከፎቶው አጥፉ። ስልክ ጂፒኤሱን በራሱ ነው የሚጽፈው። ኦርኪድን ነቅለው ሊወስዱ የሚመጡ አሉ፣ ጉጉቱም ጋ በአንድ ቀን ብዙ መኪና ይሰለፋል። የት ነው ብሎ ለሚጠይቃችሁ የካውንቲውን ስም ንገሩት፣ ይበቃዋል።