አለቃችሁ በቃል የገባላችሁን ደመወዝ ሲክድ ምን ታደርጋላችሁ?

«ለጊዜው በ9 ሺህ ጀምር፤ ከመስከረም ጀምሮ 12 ሺህ አደርግልሃለሁ» ተባለ። መስከረም አለቀ፣ ደመወዙ ያው 9 ሺህ ነው። አለቃው ሲጠየቅ «የፈረምከው ወረቀት አለ?» ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል። ወረቀት ከሌለ መብትም የለም ብሎ ያስባል።

አለ እንጂ! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። እንዲያውም ውሉ በቃል ከሆነ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት ያለበት እሱ ነው። ይህን ባለማድረጉ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ትልቁ ፈተና ማስረጃና ጊዜ ነው።

1. የተባለውን በትክክል አስታውሱ

«ጠንክር ብቻ፣ አስደስትሃለሁ» ዳኛ ፊት ብዙም አያስኬድም። ቁጥርና ጊዜ ያለው ቃል ግን ሌላ ነው። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ማን እየሰማ እንዳለው ዛሬውኑ ጻፉት። ኮሚሽንና ቦነስ በሕጉ ትርጉም «ደመወዝ» ውስጥ አይገቡም፤ ከተስማማችሁባቸው ግን መጠየቅ ትችላላችሁ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የሥራ መሪዎችና የቤት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። የእነሱ ጉዳይ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለሚታይ፣ ከታች ያሉት የጊዜ ገደቦች ለእነሱ አይሠሩም።

2. ቃሉን ወደ ጽሑፍ አምጡት

ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ ይሄ ይመስለኛል። ጠብ ሳታነሱ፣ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት እንዲህ ብላችሁ ላኩ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ከመስከረም ጀምሮ ደመወዜ 12 ሺህ ብር እንዲሆን ተነጋግረን ነበር። የዚህ ወርም 9 ሺህ ገብቷል። ልዩነቱ መቼ እንደሚስተካከል ቢያሳውቁኝ?»

«እሺ፣ ትንሽ ታገስ፤ ገበያው ቀዝቅዞ ነው» ብሎ ከመለሰ በገዛ እጁ ማስረጃ ሰጣችሁ። አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ካመነ ደግሞ የይርጋ ጊዜው (ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) ይቋረጣል፤ ማለትም ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። መልእክቱን እንዳታጠፉት፤ ስልክ ይሰረቃልና ሌላ ቦታም አስቀምጡት።

3. ሌላውን ማስረጃ ሰብስቡ

ማኅተም ያለበት የባንክ ስቴትመንት፣ ደመወዙ የተጻፈበት የሥራ ማስታወቂያ፣ አብሯችሁ የሰማ ባልደረባ። ባልደረባ እንጀራውን ስለሚፈራ ምስክርነት ላይ ሊያፈገፍግ ይችላል። ሥራ የለቀቀ ሰው ካለ ይሻላል።

ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ላይ ተጠንቀቁ። አንዳንድ ቀጣሪ ግብርና ጡረታ ለመቀነስ ፔሮሉ ላይ ትንሽ ይጽፍና ቀሪውን በእጅ ይሰጣል። እናንተም ትንሹን ፈርማችሁ ትወስዳላችሁ። ክርክር ሲመጣ ያ ፊርማ ይወጣባችኋል። በእጅ የሚሰጣችሁ ገንዘብ በባንክ ወይም በቴሌብር እንዲገባ ጠይቁ፤ ዱካው ይቀራል።

4. ቀኑን ቁጠሩ

ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌሎች ክፍያዎች መጠየቅ ካለባቸው ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ በክስ ካልተጠየቁ በይርጋ ይታገዳሉ። ይህ በየወሩ ለብቻው ይቆጠራል። ከላይ ያለው ሰው ደመወዙ ወር በገባ በ30 የሚከፈል ከሆነና ክሱን ግንቦት አጋማሽ ላይ ቢያቀርብ፣ የመስከረምና የጥቅምት ልዩነት አልፎበታል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው 18 ሺህ ብር ይቀርለታል። አለቃው «ለበዓል አስተካክላለሁ» እያለ ከበዓል ወደ በዓል ሲያሻግራችሁ ሰዓቱ እየሮጠ ነው።

5. በደብዳቤ ጠይቁ

ሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱ ላይ አስፈርሙ። ካልሠራ በአካባቢያችሁ ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አማክሩ። አቤቱታ አቅርበሃል ብሎ ሠራተኛ ማባረር በአዋጁ ሕጋዊ ምክንያት አይደለም። አኩርፎ መቅረት ግን ለቀጣሪው ሰበብ መስጠት ነው። መልቀቅ ከፈለጋችሁና የሙከራ ጊዜ ካለፈ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጡ። ውሉ ሲቋረጥ ሒሳባችሁ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል።

6. ክስ መሥርቱ

አዲስ አበባ ላይ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት፣ ክልል ላይ የክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ጠበቃም የግድ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፤ ሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መጠየቅ ይችላሉ። ክሱ ላይ የየወሩን ልዩነት በሠንጠረዥ አስቀምጡ። አሠሪው የክፍያ መዝገቡን እንዲያቀርብ ትዕዛዝ ይሰጥልን በሉ፤ መዝገብ መያዝ የሱ ግዴታ ነው። ሕጉ ውሳኔ በ60 ቀን እንዲሰጥ ይላል፣ ቀጠሮ ግን ሊራዘም ስለሚችል ትዕግሥት ያዙ። ይግባኝ በ30 ቀን ውስጥ ነው።

አሠሪው ተፈርዶበት አልከፍልም ካለ ፍርዱን ለማስፈጸም የአፈፃፀም መዝገብ ይከፈታል። ያኔ ገንዘቡ የት እንዳለ ማሳየት የእናንተ ሥራ ይሆናል። ስለዚህ ደመወዛችሁ የሚላክበትን የድርጅቱን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ገና ሥራ ላይ እያላችሁ መዝግቡት።