«ኤችፒቪ ተገኝቶብሻል» ከተባልሽ፦ ኡኡታው ለምን እንዳልተሰማና ምን ብታደርጊ እንደሚሻል

ደሴ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፤ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ክፍል። እዚያ ክፍል ውስጥ በየቀኑ የምሰማው ነገር አለ፦ «ሲስተር፣ እኔ እኮ ምንም አያመኝም።»

እኔም ብዬዋለሁ። በ34 ዓመቴ ተመርምሬ ኤችፒቪ ተገኘብኝ፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ፣ የማህፀን በር ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ቫይረስ ነው። ውጤቱን የሰጠችኝ ባለሙያ «ከዓመት በኋላ ተመለሺ» ብላ ወረቀቱን አቀበለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ያን ሌሊት የተኙ ልጆቼን እያየሁ ሳለቅስ አደርኩ። ነርስ ሆኜ እንኳ። ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢያስረዳኝ ብዬ የተመኘሁትን ነው አሁን የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ የተነገረሽን ለይተሽ ያዢ። ቫይረሱ አለብሽ ተባልሽ እንጂ ካንሰር አለብሽ አልተባልሽም። ኤችፒቪ ከ200 በላይ ዓይነት አለው። ለማህፀን በር ካንሰር የሚያሰጉት 14 ገደማ ናቸው። ከነሱም 16 እና 18 የሚባሉት ሁለቱ ብቻ ከ100 የማህፀን በር ካንሰሮች ወደ 70 ለሚጠጉት ምክንያት ናቸው። ስለዚህ «የትኛው ዓይነት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መሣሪያው ለይቶ የሚያሳይ ከሆነ ይነግሩሻል። ቫይረሱ ከያዛቸው 10 ሴቶች 9 የሚሆኑት በሁለት ዓመት ውስጥ በራሳቸው አቅም ያጸዱታል። ባልሽን ለመጠርጠርም አትቸኩዪ። ቫይረሱ ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል መቼና ከማን እንደመጣ ምርመራው አያሳይም።

አሁን ወደ ኡኡታው። ሌሊት ቤትሽ ሌባ ቢገባ ኡኡ ትያለሽ። ጎረቤት ይነቃል፤ ግማሹ በሩን ይቀረቅራል፣ ግማሹ ዱላ ይዞ ይደርሳል። ሴልም እንደዚሁ ነው። ቫይረስ ሲገባባት ኢንተርፌሮን የሚባል ፕሮቲን ትለቃለች። እሱ ነው ኡኡታዋ። የሰሙት ጎረቤት ሴሎች ቫይረስ እንዳይራባባቸው ራሳቸውን ያዘጋጃሉ። ሳይቶካይን የሚባሉ ሌሎች መልእክተኞች ደግሞ ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራሉ። ጉንፋን ሲይዝሽ የሚያተኩስሽና የሚቆረጣጥምሽ በአብዛኛው ይኸው ጥሪ ነው።

ኤችፒቪ ግን ድምፅ አያሰማም። በዓይን በማትታይ ጭረት ገብቶ ከታችኛው የሴሎች ድርድር ላይ ይቀመጣል። በደም አይዞርም። ሴሏንም አይገድላትም፤ አርጅታ ስትረግፍ አብሯት ይወጣል። ከዚያም በላይ ኢ6 እና ኢ7 የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖቹ አፏን ያፍኗታል። ኢ6 ኢንተርፌሮን እንዲመረት ትእዛዝ የሚያደርሰውን አይአርኤፍ3 ይይዘዋል። ኢ7 ደግሞ ስቲንግ የተባለውን የማንቂያ መንገድ ያደናቅፋል። የከፋው ነገር እነዚሁ ሁለቱ ካንሰሩንም የሚያመጡት መሆናቸው ነው። ኢ6 የተበላሸች ሴል እንዳትቀጥል የሚጠብቀውን ፒ53 ያስወግዳል። ኢ7 የሴል መባዛትን የሚገታውን ልጓም ይፈታል።

«ምንም አያመኝም» የምትይው ለዚህ ነው እህቴ። ጩኸቱ ታፍኗል።

ደግነቱ በብዙዎቻችን አፈናው ለዘለቄታው አይሆንለትም። ቆይቶም ቢሆን ቲ ሴሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይደርሳሉ። ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለውን ለቀው ሌሎችን ያነሳሳሉ፣ ቦታውም ይጸዳል። ቫይረሱ ሳይጸዳ ከሰነበተ ግን መልእክቱ ራሱ ይለወጣል። ኢንተርሉኪን 10ን የመሳሰሉ፣ «በቃ፣ ተረጋጉ» የሚሉ መልእክተኞች ይበዛሉ፤ ነጭ የደም ሴሎቹም ይዘናጋሉ። ከዚያ ወደ ካንሰር ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ይህ ሁሉ ዓመት የእኛ ዕድል ነው። በደሟ ኤችአይቪ ላለባት ሴት ግን ጊዜው ያጥራል፤ አደጋውም ስድስት እጥፍ ነው። ጥሪ ሰምተው ሌሎቹን የሚያሰማሩትን ሲዲ4 ሴሎች ኤችአይቪ ስለሚያሳጣት ነው። እሷ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከ25 ዓመቷ ጀምሮ ትመርመር። ለሌሎቻችን መነሻው 30 ነው።

ቀጥሎ የማህፀን በርሽ በዓይን ይታያል። የወር አበባሽ በማይኖርበት ቀን ነይ። የአቼቶ ሽታ ቢሸትሽ አትደንግጪ፤ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ ነው የምንቀባው። አንድ ደቂቃ እንጠብቃለን። የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጩ ለሕክምናው የሚመች ከሆነ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል፤ ደቂቃዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ እስከ አንድ ወር ሊወርድሽ ይችላል። በዚያ ወር ግንኙነት ይቅር። ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ካመጣ ቶሎ ተመለሺ። ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጥሽ በኋላ ደም ካየሽ ደግሞ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ ያኑ ቀን ነይ።

ቫይረሱን ራሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። «ያጥባል» ብለው የሚሰጡሽን ቅጠል ወደ ውስጥ አታስገቢ፤ ሲቆስል አይቻለሁ። እኛ ወሎዎች ወይባ መሞቅ እንወዳለን፤ ሙቂ፣ ግን ከሕክምና አትቁጠሪው። ሲጋራ ካለ ይቁም፤ እዚያው ማህፀን በር ላይ ያሉትን ጠባቂ ሴሎች ያዳክማል።

ልጅ ካለሽ አስከትቢያት። በአገራችን ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. በ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ። ክትባቱ ውስጥ ሕያው ቫይረስ የለም፤ የቫይረሱ ቅርፊት ብቻ ነው። ጡንቻ ላይ ስለሚወጋ የሚያፍነው የለም፤ ሰውነቷ በደንብ ይሰማዋል። ለዚህም ነው በቫይረሱ ተይዞ ከሚገኘው የበለጠ ጠንካራ መከላከያ የሚሰጣት። ቀድሞ የገባን ቫይረስ ግን አያስወጣም። ሳትያዝ በፊት መውሰድ አለባት።

በመጨረሻ ቀጠሮሽ። የእኔ የዓመቱ ምርመራ ነጻ ሆኖ ነው የወጣው፤ ያወቅኩት ግን ስለተመለስኩ ነው። ክፍሌ ውስጥ ካርድ ላይ ቀን ብቻ ጽፌ አልሰጥም። ዓመት ይረሳል። «ከመስቀል ማግስት» ወይም «ትምህርት ቤት ሲከፈት» ብዬ አጠገቡ እጽፋለሁ። አንቺም የማትረሽውን ነገር ምረጪና አጠገቡ አስጽፊው።