ርቀቱን ለ900 ማካፈል አይበቃም

ከለንደን እስከ ኒው ዮርክ በአየር 5,540 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልልቅ ጄቶች ደግሞ በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይበራሉ። አካፍሉት፤ ስድስት ሰዓት ከምናምን ይመጣል። ትኬቱ ላይ ግን ሲሄዱ ስምንት፣ ሲመለሱ ሰባት ሰዓት ገደማ ይላል። ሒሳቡ የት ላይ ተበላሸ?

አንደኛ፣ ትኬት ላይ ያለው ጊዜ አየር ላይ የሚቆየው ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለው ሁሉ ይቆጠራል። ወደ መንደርደሪያው እያዘገመ መሄዱ፣ ተራ መጠበቁ፣ ለማረፍ መዞሩ፣ ሁሉም። አጭር በረራ ላይ ልዩነቱ የባሰ ጎልቶ ይታያል።

መሄጃውና መመለሻው እኩል ነው ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። ምክንያቱን ሲጠየቁ «ምድር ስለምትዞር ነው» የሚሉ አሉ። አየሩም አብሯት ስለሚዞር ይሄ አያስኬድም። ነገሩ ነፋስ ነው። ጄቶች በሚበሩበት ከፍታ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ከኋላ ሲመጣ ይገፋል፣ ከፊት ሲመጣ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ማዕበል በበረታበት ሰሞን ከኒው ዮርክ የተነሣ አውሮፕላን 4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ውስጥ ለንደን ገብቷል። ታዲያ ይሄንን አይቶ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ጉድ ይሆናል።

ርቀቱን ለመለካት ካርታ ላይ ማስመሪያ ማስቀመጥም ሌላው ስህተት ነው። ኒው ዮርክና ቶኪዮ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ከሞላ ጎደል በአንድ አግድም መስመር ላይ ናቸው። ሉል ላይ ግን ክር ወጥሩባቸው። ክሩ ሽቅብ ወጥቶ በሰሜን ካናዳና በአላስካ በኩል ያልፋል። አጭሩ መንገድ እሱ ነው። ካርታው ላይ የተጣመመ የሚመስለው መስመር አብራሪው ስለዞረ አይደለም።

ከሁሉም ብዙ ሰው የሚያሳስተው ግን የመነሻውን ሰዓት ከመድረሻው መቀነስ ነው። ሁለቱም የተጻፉት በየከተማው ሰዓት ነው። በጃንዋሪ ከቶኪዮ በ17:00 ተነሥቶ ሎስ አንጀለስ በዚያው ቀን 10:00 የሚደርስ በረራ አለ እንበል። ሳይነሣ ደረሰ ማለት ነው? ቶኪዮ በ17 ሰዓት ትቀድማለች። ሎስ አንጀለስ 10:00 ሲል ቶኪዮ በማግሥቱ 03:00 ሆኗል። ስለዚህ በረራው 10 ሰዓት ፈጀ። ከማርች እስከ ኖቬምበር አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ልዩነቱ 16 ይሆናል፤ ይቺን መርሳት ቀላል ነው።

ማይልም ያምታታል። የየብሱ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር፣ አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ 1.852 ነው። 1,000 ማይል ላይ 243 ኪሎ ሜትር ይሳሳታሉ።

«ቀጥታ በረራ» የሚለውንም አትመኑት። አንዳንዴ የበረራ ቁጥሩ ሳይቀየር መሀል ላይ አርፎ የሚነሣም ቀጥታ ይባላል። ስንት ቦታ እንደሚያርፍ እዩ።

የቆየ መረጃም ያሳስታል። ከሄልሲንኪ ቶኪዮ በሩሲያ ሰማይ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሰማዩ ለአውሮፓ አየር መንገዶች ሲዘጋ ወደ 13 ሰዓት ተጠጋ። ከተሞቹ ግን አንድ ስንዝር አልተራራቁም።