ልቅ ድንጋይ ላይ መውጣት፣ በሰዓቱም መመለስ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትሄዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ኮሶዬ አለች። አዲስ ሰው ወደ ስሜን ተራሮች ይዤ ከመውጣቴ በፊት የማስቆመው እዚያ ነው። አፋፉ ጋ አልወስደውም። ብዙ ከፍታ የሌላት፣ ጠጠርና ልቅ ድንጋይ የሞላባት፣ ቢወድቁባት ጉልበት ከመላጥ የማያልፍ ተዳፋት እመርጣለሁ። "ውጣ" እለዋለሁ፤ ይወጣል። "አሁን በወጣህበት ውረድ" ስለው ግን አብዛኛው ሰው እዚያው ቆሞ ይቀራል። ሲወጡ የሚጨብጡት ድንጋይ ዓይን ፊት ነው። ሲወርዱ ግን እግር የሚያርፍበት አይታይም። ስለዚህ ትልቁ ደንቤ ይህ ነው፦ መውረድ የማትችሉትን አንድ እርምጃ እንኳ አትውጡ።

የስሜን አለት ከጥንት እሳተ ገሞራ የፈሰሰ፣ ንብርብር ነው። ከፍ ባለው ቦታ ሌሊት ውርጭ ይመታዋል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃ በረዶ ሲሆን ይሰፋና አለቱን ይፈለቅቀዋል። ጠዋት ፀሐይ ስትመታው በረዶው ይሟሟል፣ ይዞት የነበረው ድንጋይም ይለቃል። ከገደል ሥር ያለ ፈፋ መሻገር ካለባችሁ ፀሐይ ሳይነካው ተሻገሩ። ከመግባታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ እዩ። ዋልያ ወይም ጭላዳ ከላይ ካለ እስኪያልፍ ጠብቁ፤ በእግሩ የሚያንከባልለው ድንጋይ እናንተ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ሌላ ነው።

እጅን በተመለከተ ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት ስካውት፣ ማለትም ተጓዥን የሚያጅቡ የፓርክ ጠባቂ ናቸው። "ልጄ፣ ሳትጠይቀው አትደገፈው" ይሉኝ ነበር። መጠየቅ ማለት በጡጫ ቆርቆር ማድረግ ነው። ከተራራው ጋር የተያያዘ አለት ድምፁ ድፍን ነው፤ የተላቀቀው እንደ ባዶ እንስራ ያስተጋባል። የያዛችሁትን ወደ ራሳችሁ አትሳቡ፣ ወደ ታች ተጫኑት። ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ቦታቸውን እንደያዙ አንዱን ብቻ አንቀሳቅሱ። ጓሳ ጨብጣችሁ ክብደታችሁን አትጣሉ፤ የደረቀ የጅብራ ግንድም ውስጡ ባዶ ነውና አትመኑት። ቀጥ ባለ መስመር አንዱ ከሌላው ሥር ሆኖ አይውጣ።

መመለስን በተመለከተ የተማርኩት ግን በታናሽ ወንድሜ እግር ነው። ከጨነቅ ሰፈር ወደ ቧሂት ተራራ ስንወጣ መንገዱን ትተን በልቅ ድንጋይ አቋረጥን። ተራራው ከ4,400 ሜትር በላይ ነው፤ ትንፋሽ ያሳጥራል። ወንድሜ "ራሴን አመመኝ" አለኝ፤ "ትንሽ ነው የቀረን" አልኩት። ሁለት ጊዜ የያዝኩት ድንጋይ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ፤ እሱንም አልፌ ወጣሁ። ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ሲሸፍነን ነው ልመለስ ያልኩት። ስንወርድ ከእግሬ ሥር ጀበና የሚያክል ድንጋይ ተነቅሎ የወንድሜን ቅልጥም መታው። በበቅሎ አወረድነው። ያን ቀን መመለስ የነበረብን "ራሴን አመመኝ" ያለኝ ጊዜ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ የመመለሻውን ሰዓት የምቆርጠው ቁርስ ላይ ነው፣ ልቤ ጫፉን ሳያይ። ብዙውን ጊዜ ከቀኑ 6 ሰዓት እላለሁ። ራስ ዳሸንን ለመሰለ ረጅም ጉዞ ሌሊት 10 ሰዓት እንነሣለን እንጂ መመለሻውን አናዘገይም። 6 ሰዓት ከሆነ ጫፉ በድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ ቢሆንም እንዞራለን። ከሰዓቱም በፊት የሚያስመልሱ ነገሮች አሉ፦ በተከታታይ ሁለት ጊዜ የያዛችሁት ከተነቀለ፣ ያለፋችሁት ምልክት በጉም ከተጋረደ፣ ዝናብ አለቱን ማርጠብ ከጀመረ። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ወይም ከመንገዳገድ ጋር ከመጣ የከፍታ ሕመም ነው፤ መድኃኒቱ ወዲያው መውረድ ነው። ሲጫወት የነበረ ሰው ዝም ካለም ቁሙና አነጋግሩት። ከቡድኑ አንድ ሰው "እንመለስ" ካለ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ ታናሽም ቢሆን፣ እንግዳም ቢሆን።

ስትመለሱ በወጣችሁበት መስመር ውረዱ፤ ከላይ አጭር የሚመስለው ፈፋ ታች ላይ ገደል ሊሆን ይችላል። ቀጥ ባለው ቦታ ፊታችሁን ወደ አለቱ አዙራችሁ አንድ በአንድ ውረዱ፤ ተራ የሚጠብቀው ከመስመሩ ወደ ጎን ራቅ ብሎ ይቁም። ድንጋይ ካመለጣችሁ፣ ታች ማንም ባይታያችሁም፣ ባላችሁ ድምፅ "ድንጋይ!" ብላችሁ ጩኹ። እዚያ ታች ጓሳው ውስጥ በግ የሚጠብቅ ልጅ ይኖራል።